አሮጌ ፒክአፕ፣ የጎንደር መንገድና የዘይት ምርጫ

«ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚፈልገው።» ጎንደር ውስጥ ፒክአፕ ይዞ ይህን ያልሰማ ሰው የለም። መካኒኩ ይለዋል፣ ሹፌሩ ይለዋል፣ ዘይት የሚሸጠው ልጅም ይለዋል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ብዙ ሞተር የሚያስወርደው ግን የቀረው ግማሽ ነው።

ይህን የምጽፈው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ይዘው እንጀራቸውን ለሚያገኙ ሰዎች ነው። ሰሊጥ ከመተማ ለሚያመጣው፣ እህል ከደምቢያ ለሚጭነው፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ወደ ደባርቅ ለሚያወጣው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ከዚያ ወዲህ «ይችን ሸጬ የተሻለ ልግዛ» ማለት ለብዙው ሰው የማይሞከር ሆኗል። ስለዚህ ያለችውን መጠበቅ ነው።

አብዛኞቹ ሃይሉክስ ናቸው። ሞተራቸው 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ይባላል፤ በቅደም ተከተል 2.4፣ 2.8 እና 3 ሊትር ማለት ነው። ቱርቦ የሌላቸው፣ አሠራራቸው ቀላል፣ በደንብ ከያዟቸው የማይደክሙ ሞተሮች ናቸው። የምጽፈው በዋናነት እነሱን አስቤ ነው። ለአይሱዙና ለሚትሱቢሺ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮችም አብዛኛው ይሠራል።

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዘይት ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው የጀሪካኑን ቀለምና የድርጅቱን ስም ነው። መታየት ያለባቸው ግን ሁለት ትንንሽ ጽሑፎች ናቸው። አንዱ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ሌላው ደረጃውን።

ውፍረቱን የሚናገረው 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚለው ነው። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። ከኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። 15 ዲግሪና 40 ዲግሪ ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ሁለቱም የውፍረት መለኪያ ደረጃዎች እንጂ የሙቀት ዲግሪዎች አይደሉም።

ማንኛውም ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። የተለመደው 15-40 ዘይት 40 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ 100 ዲግሪ ላይ ካለው ውፍረት ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ጎንደር ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ስትሆን ደግሞ ከዚያም በጣም ይብሳል። ደባርቅ ላይ ያደረ መኪናማ ተዉት።

አሁን ሞተሩ ሲነሳ ምን እንደሚሆን እንይ። ሌሊቱን ዘይቱ ታች ወርዶ ቋቱ ውስጥ ተኝቷል። የዘይት ፓምፑ መሳብ አለበት። በፊልትሮው ማሳለፍ አለበት። ከዚያ ክራንክ ሻፍቱ (በፒስተኖቹ የሚዞረው ዋናው ዘንግ) ወደሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች፣ ቀጥሎም እስከ ላይ ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ እስካሉበት የሞተሩ ራስ ድረስ መግፋት አለበት። ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ብረቱ የሚሠራው ከትናንት በቀረችው ስስ ቅባት ነው። ዘይቱ በወፈረ ቁጥር ይህ ጊዜ ይረዝማል። ሞተር የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ በየጠዋቱ፣ ትንሽ ትንሽ።

እውነት ያለው ግማሽ የቱ ነው ታዲያ? ሞተር ሲያረጅ በኩሽኔታውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ቀጭን ዘይት በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ከመተማ ተመልሳችሁ አዘዞ ስትደርሱ፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ይህ ሊሆን ይችላል። ያኔ 20-50 ግፊቱን ይዞ ያቆያል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛ፣ ጌጁ ላይ ግፊት ከፍ አለ ማለት ዘይት በደንብ ደረሰ ማለት አይደለም። ወፍራም ዘይት በጠባብ መንገድ ሲጨናነቅም ጌጁ ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ወፍራም ዘይት ያለቀ ብረት አይመልስም። ድምፁን ያፍነዋል፣ ጊዜ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

አንድ ቀን አዘዞ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ንግግር ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አንድ ሸምገል ያሉ ሹፌር ጀሪካኑን ነቅነቅ አድርገው «ይሄማ ውኃ ነው የኔ ልጅ፤ ወፍራሙን አምጣ» አሉ። ልጁ ወዲያው አላመጣም። «አባቴ፣ መኪናዎን የት ነው የሚሠሩባት?» አላቸው። «ደባርቅ ነዋ፣ አዳሬም እዚያው ነው።» «መብራቷ ይበራል? ዘይት ትበላለች?» «ኧረ ደህና ናት!» «እንግዲያስ ይችኑ 15-40 ይውሰዱ። ጠዋት ቶሎ ትነሳልዎታለች።» ይህ ልጅ ሁሉንም ጥያቄ በትክክሉ ጠይቋል። መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ የሞተሩን ሁኔታ።

የእኔም ምክር ከዚያ አይርቅም። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ ለሚሠራ፣ ሞተሩም ደህና ለሆነ መኪና 15-40 ነው። ኑሮው ገንዳ ውኃና መተማ፣ ወይም ሳንጃና ሁመራ ለሆነ፣ ጭነት ለሚበዛበትና ዘይት መብላት ለጀመረ ሞተር 20-50 ተገቢ ነው። ቆላው ውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ የጠዋት ብርድ የሚባል ነገርም የለም። ደብልዩ የሌለው፣ 40 ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ዘይት በርካሽ ይሸጣል። ለደጋ መኪና አልመክረውም። 5-30 እና ከዚያ የቀጠኑት ለአዳዲስ ሞተሮች የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ፒክአፖች ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ከቁጥሩ የሚበልጡት ፊደሎች

ሁለተኛው ጽሑፍ ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል። ኤፒአይ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ነው፤ የዘይት ደረጃ ያወጣል። በኤስ የሚጀምር ከሆነ ለቤንዚን ሞተር ነው። በሲ የሚጀምር ከሆነ ለናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣ ደረጃዎቹ ሲዲ፣ ሲኤፍ፣ ሲኤፍ-4፣ ሲጂ-4፣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4፣ ሲጄ-4፣ ሲኬ-4 እያሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛዋ ፊደል በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በተጠጋች ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ሲኤች-4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሲአይ-4 ደግሞ በ2002 ነው። ሲኤፍና ሲኤፍ-4ን ተቋሙ ራሱ ጊዜ ያለፈባቸው ብሏቸዋል። አሁንም በገበያ ላይ አሉ፣ ርካሽም ናቸው።

ለጎንደር አሮጌ ናፍጣ የምመርጠው ሲአይ-4 ነው። ከጠፋ ሲኤች-4። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ከውፍረቱ ጭቅጭቅ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነውና።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያካክሳል። የእኛ 2ኤልና 3ኤል ግን የሚስቡት ያገኙትን ነው። ፖምፓው ደግሞ ናፍጣውን እንደ ልማዱ ይረጫል። ናፍጣው በቂ አየር ሲያጣ በደንብ አይቃጠልም፤ ጥላሸት ይሆናል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ሲወጡ ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ጭስ እሱ ነው። ሁሉም ግን በጭስ ማውጫው አይወጣም። ከፊሉ በፒስተን ፋሻ በኩል ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ሲበዛ እርስ በርሱ ይያያዛል። ዘይቱን ያወፍረዋል፣ ብረት ይፍቃል፣ ፊልትሮ ይደፍናል። ጥሩ የናፍጣ ዘይት ውስጥ ጥላሸቱን ለያይተው በትኖ የሚያቆዩ ቅመሞች አሉ። ሲአይ-4 ደረጃ የወጣው ብዙ ጥላሸት ለሚሸከሙ ሞተሮች ታስቦ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የሚሠራ ቱርቦ አልባ ሞተር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዘይቱ በቀየራችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጠቁር አትደንግጡ። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሳይጠቁር ብዙ የሚቆየው ዘይት ነው የሚያሳስበኝ፤ ጥላሸቱ ሌላ ቦታ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ሲኬ-4 ከሁሉም አዲስ ከሆነ ለምን እሱን አንገዛም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሲጄ-4ና ሲኬ-4 የተሠሩት ጭስ ማጣሪያ ላላቸው ዘመናዊ ሞተሮችና ሰልፈሩ በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ናፍጣ ነው። ማጣሪያው እንዳይደፈን ሲባል አመድ የሚፈጥሩት ቅመሞች ተቀንሰዋል። እነዚያው ቅመሞች ግን ከሰልፈር የሚመጣውን አሲድ የሚያረክሱት ናቸው። የምንቀዳው ናፍጣ ምን ያህል ሰልፈር እንዳለው ማደያው ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለአሮጌ ሞተር ሲአይ-4 የሚያስተማምን ነው። ሲኬ-4 ብትጨምሩ ሞተሩ አይሞትም፤ ገንዘባችሁን ለማያስፈልግ ነገር ታወጣላችሁ።

ብዙ ጀሪካን ላይ ሁለቱም ተጽፈው ታገኛላችሁ፦ ሲአይ-4/ኤስኤል። መጀመሪያ የተጻፈው ዘይቱ በዋናነት የተሠራለት ነው። ኤስኤል/ሲኤፍ የሚል ካያችሁ የቤንዚን ዘይት ነው፤ ለናፍጣ ሞተራችሁ አትግዙት። የድርጅት ስም ብቻውን አይበቃም። የቶታል ሩቢያ፣ የሼል ሪሙላ፣ የሞቢል ዴልቫክ የሚባሉት ለናፍጣ የተሠሩ ናቸው፣ ጥሩም ናቸው፤ ግን በአንድ ስም ሥር የተለያየ ደረጃ ያላቸው ዘይቶች ይሸጣሉ። ፊደሉን አንብቡ።

ሲንቴቲክ ዘይትስ? በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለሚቀየር፣ ጥላሸት ለሚሸከም አሮጌ ሞተር ተራው ዘይት ይበቃል። ልዩነቱን ፊልትሮ ግዙበት። «ሞተር ያድሳል» ተብለው በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡትን ማጣፈጫዎችም እንዲሁ እለፏቸው።

የቤንዚን ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ኤስኤል ደረጃ ያለው 15-40 ወይም 20-50 ይበቃችኋል።

መቼ ይቀየር?

5,000 ኪሎ ሜትር። ዘይቱ ውድ ነበር ብሎ 8,000 ማድረስ አያዋጣም። ጥላሸቱ ዋጋ አይጠይቅም።

ብዙ አሮጌ ፒክአፕ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሟል። ይህ ምክንያት አይሆንም፤ በናፍጣ መቁጠር ይቻላል። መኪናዋ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ፣ 500 ሊትር ስትጨርስ 5,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። እንዲያውም ይህ አቆጣጠር ከኪሎ ሜትር ይሻላል። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ብዙ ናፍጣ ትጠጣለች፣ ዘይቱም ያን ያህል ይለፋል። የቀዳችሁትን በደብተር ወይም በስልካችሁ ያዙ።

ዘይቱን የምታፈስሱት ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። መጠኑ ለአብዛኞቹ ከ5 እስከ 7 ሊትር መካከል ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የመለኪያው ዘንግ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎንደር ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ ግን ፈልጉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጉዳት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ኩሽኔታ አያቀባም።

መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ የራሳችሁ ዓይነት ካልተገኘ፣ ከሌላ ድርጅት የናፍጣ ዘይት ጨምራችሁ ቤታችሁ ግቡ። መቀላቀሉ ከመጉደሉ ይሻላል።

ስለ ዘይት ካነሳን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋቸው (የቫልቮቹን ሥራ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገጣጥመው ቀበቶ) ጎማ ነው። ፊት ለፊት ያለው የዘይት ማሸጊያ አፍስሶ ቺንጋው ላይ ካረፈ ጎማውን ያበላሸዋል። ቺንጋው ሊማሊሞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ ሞተሩ ፊት ላይ እርጥብ ዘይት ካያችሁ «ትንሽ ነው» አትበሉ።

የዘይት ፊልትሮ

ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ፊልትሮ ቆርቆሮ ነው። ልዩነቱ ውስጡ ነው። የታጠፈ ወረቀት አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ የጎማ ክዳን አለ። በፊልትሮው ውስጥ ወይም በመቀመጫው ላይ ደግሞ የማለፊያ ቫልቭ አለ። ፊልትሮው ሲደፈን ወይም ዘይቱ በጣም ሲወፍር ይህ ቫልቭ ይከፈታል። ዘይቱም ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። የተሠራው ሞተሩ ጨርሶ ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራም ቢሆን ይሻላል ተብሎ ነው።

አሁን ወፍራሙን ዘይት አስታውሱ። በደጋ ጠዋት 40 ብቻ የሚለውን ዘይት የጨመረ ሰው፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ማለፊያውን ሊያስከፍት ይችላል። ያኔ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ፊልትሮ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ «ጥርሱ ገጥሟል፣ ይሠራል» ሲባል አትቀበሉ። የአንዳንድ ቤንዚን መኪኖች ፊልትሮ ጥርሱ ከናፍጣው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። የወረቀቱ ስፋትና የቫልቩ ልክ ግን ይለያል። ሻጩን በሞተሩ ስም ጠይቁት፦ «የ3ኤል ስጠኝ» በሉ እንጂ «የሃይሉክስ» ብቻ አትበሉ። ፊልትሮውን ስትይዙት ክብደቱን ከአሮጌው ጋር አነጻጽሩ። በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ እዩ፤ የጎማው ክዳን በጣት ጫፍ ሲነካ ለስላሳ መሆን አለበት። ደርቆ ከተሰነጠቀ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል።

ሲገጠም ቁሙና እዩ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በላዩ ላይ አዲሱ ከታሰረ ሁለት ጎማ ይደራረባል። ግፊት ሲመጣ ይፈነቀላል፤ ዘይቱ በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ መቀመጫው በጨርቅ ይጠረግ። የአዲሱ ጎማ በዘይት ይቀባ። ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ያህል በእጅ ይጠበቅ። በመፍቻ እስኪያቃስት ማጥበቅ አያስፈልግም።

ፊልትሮ በየዘይቱ ይቀየር። «አንድ ዘይት ዘልለን በሁለተኛው» የሚባለው ቁጠባ አይደለም።

የአየር ፊልትሮ፦ ዋናው ጉዳይ

አንድ ሰው «ለሞተሬ አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል» ቢለኝ የአየር ፊልትሮውን ነው የማሳየው። ሰው ለዘይት ይጨነቃል፤ አቧራውን ግን ይረሳዋል።

3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር፣ በደቂቃ ወደ 3,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ይህን በሰዓት አባዙት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራ መኪና ያ ሁሉ አየር አቧራ ነው። የአቧራው ትልቁ ክፍል ሲሊካ ነው፤ ሲሊካ ደግሞ ከሞተሩ ብረት ይጠነክራል። ገብቶ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ያኔ ምንም ዓይነት ሲአይ-4 አያድነውም።

አቧራ የሚገባው ብዙ ጊዜ በወረቀቱ አይደለም፤ በጎኑ ነው። ክዳኑ ያልተቆለፈ፣ የጎማ ጠርዙ የተኮማተረ፣ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ የተሰነጠቀ። የፊልትሮ ቤቱን ከፍታችሁ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ከትታችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሞተሩ አፈር እየበላ ነው። ቱቦው እስኪስተካከል ድረስ አትነሱ።

ወረቀቱን መፈተሽም ቀላል ነው። ጨለም ያለ ቦታ ግቡ። የስልክ መብራት ከውስጥ በኩል አብሩ። ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ደብዘዝ ብሎ እኩል መታየት አለበት። እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠራ ነጥብ ካያችሁ ጣሉት።

በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ አፈሙዙን አራቅ አድርጎ ከሆነ ይሁን። ጎማ በሚነፋበት ግፊት ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት ግን አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይሰካዋል፣ ወረቀቱንም ይቀደዋል። በናፍጣ ወይም በኦሞ ማጠብማ ፊልትሮውን መግደል ነው። ወረቀት ነውና።

የጎንደር ከፍታ እዚህም ይመጣል። አየሩ ድሮውኑ ስስ ነው። የታፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት ሞተሩ ይባሱን ይታፈናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጥላሸቱ ይበዛል፣ ዘይቱ ቶሎ ይደክማል። መኪናዋ «ጉልበት አነሳት» ብላችሁ ፖምፓ ከማስከፈታችሁ በፊት ይህን ርካሽ ወረቀት እዩ። አቧራ መንገድ ላይ ደግሞ ከፊታችሁ ያለውን አይሱዙ ተጠግታችሁ አትንዱ። ራቅ ብሎ መከተል ብቻውን የፊልትሮውን ዕድሜ ያረዝመዋል።

የናፍጣ ፊልትሮ

የነዚህ ሞተሮች ፖምፓ የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው። ናፍጣው ውስጥ ውኃ ካለ ፖምፓው ሳይቀባ ይሠራል። ከማደያ ሳይሆን መንገድ ዳር ከጀሪካንና ከበርሜል የሚቀዱ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ፊልትሮው ሥር የውኃ ማስወጫ አለ። በየሳምንቱ ፈታ አድርጋችሁ ትንሽ ናፍጣ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ አፍስሱ። ጠርሙሱን አቁሙት። ውኃ ካለ ታች ይቀመጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ መሥመሩ በግልጽ ይታያል። ውኃ እስኪያልቅ አፍስሱ፣ ዝጉ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠጥር ድረስ ተጫኑ። ፊልትሮውን ራሱን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፤ ከበርሜል የምትቀዱ ከሆነ ከዚያም ቀደም አድርጉ። ዲ-ፎር-ዲ የሚባለውን አዲሱን ሞተር የያዛችሁ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ የለም። የናፍጣው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ጥቂት ውኃ ወይም ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ይጨርሰዋል።

ፎርጅድ ዘይትና የወጣው ዘይት

ፎርጅድ ዘይት በዓይን አይለይም፤ በጣት መሃል ማሸትም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከማደያ ወይም ከታወቀ አከፋፋይ በደረሰኝ መግዛት ነው። የክዳኑን ቀለበት እዩ፤ ሲከፈት መበጠስ አለበት። ጀሪካኑ ላይ የምርት ቁጥር ታትሞ መገኘት አለበት።

የእኛም ድርሻ አለበት። ባዶ ጀሪካን ለልዋጭ ስትሰጡ በቢላ ቅደዱት። ደህና ስም ያለው፣ ንጹሕ ጀሪካን ተመልሶ ሊሞላ ይችላል።

የወጣውን ዘይት ደግሞ ቦይ ውስጥ አታፍስሱ። ከከተማው የሚወርደው ውኃ በመገጭ አድርጎ የሚገባው ጣና ነው። ያገለገለ የሞተር ዘይት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ንጥረ ነገር ስላለው እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ለከብት ቁስል መቀባቱም ይቅር። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

ዘይቱን ስታወጡ ግን ሳታዩ አትስጡ። ቡናማ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና ከመጠን በላይ ከቀጠነ ኢንጀክተር ወይም ፖምፓ ያንጠባጥባል። አሮጌውን ፊልትሮ ደግሞ መካኒኩ በመጋዝ ቆርጦ ይክፈትላችሁ። ወረቀቱን ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። ጥቁር ጥላሸት ያለ ነው። ማግኔት የሚይዘው ብረት ወይም እንደ መዳብ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካገኛችሁ ኩሽኔታው ወይም ሌላ የሞተሩ ብረት መፈርፈር ጀምሯል። እንዲያ ከሆነ የመተማውን ጭነት ለሌላ መኪና ስጡ፤ ቋቱ ይውረድና ኩሽኔታዎቹ ይታዩ። በዚህ ደረጃ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ በመቀየር ያልቃል። ክራንክ ሻፍቱ ከተጫረ ግን ሞተሩ ወርዶ ሪቲፊካ (የተጫረ ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) መግባቱ ነው።